ባለ 18 ማይሉ መብራት በ12 ማይል ለምን ታየ? ከማዮርካ ወደ ሜኖርካ በሌሊት ለሚሻገሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ስፔን ነው የምኖረው። በመጪው ጁላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባለ 10 ሜትር የሸራ ጀልባ ተከራይተን ከማዮርካ ደሴት፣ ከአልኩዲያ ወደብ ተነስተን በሌሊት ወደ ሜኖርካዋ ሲውታዴያ ልንሻገር አስበናል። የባሕር ካርታችን የሜኖርካው የአርትሩች መብራት ማማ 18 ማይል ድረስ ይታያል ይላል። ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ስንሄድ ግን 12 ማይል ያህል እስክንቀርብ አላየነውም፤ ከታየን በኋላም እሱ ነው፣ አይደለም እያልን ስንከራከር ቆየን። መብራቱ ደክሞ ይሆን? የማዮርካው የፎርሜንቶር መብራት 210 ሜትር ላይ ስላለ እሱን ብቻ ከኋላችን እያየን ብንሄድ አይሻልም? ደግሞስ ስልካችን ላይ ጂፒኤስ እያለ እነዚህ ማማዎች ዛሬ ምን ይጠቅማሉ?»

መብራቱ አልደከመም። ካርታው ላይ ያለው 18 የሚለው ቁጥር መብራቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር የወጣ መለኪያ ነው። የሚሰላውም የአየሩ ጥራት 10 የባሕር ማይል ያሳያል ተብሎ፣ ማለትም በቀን ቢሆን አንድ ትልቅ ነገር በ10 ማይል ርቀት መለየት ይቻላል ተብሎ ነው። (አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ከዚህ በኋላ ማይል ስል እሱን ነው።) አየሩ ከዚያ የጠራ ከሆነ ብርሃኑ ከ18 ማይል አልፎ ይሄዳል። ከደፈረሰ ግን በፍጥነት ያጥራል። እይታው 5 ማይል ብቻ በሆነበት አየር ባለ 18 ማይሉ መብራት የሚታየው 10 ማይል ተኩል ገደማ ላይ ነው። እይታው ወደ 2 ማይል ሲወርድ ደግሞ 5 ማይል አካባቢ እስክትደርሱ ጨለማ ነው። በዚህ ስሌት ወደ ኋላ ስንሄድ፣ በ12 ማይል ያያችሁት የዚያ ሌሊት እይታ 6 ማይል ገደማ ስለነበረ ነው። ለሜዲትራኒያን በጋ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነፋሱ ሲተኛ እርጥበቱ ከባሕሩ ላይ አይነሳም፣ ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ የሰሃራን አቧራ ይዞ ይመጣል። ዓይን ወደ ላይ ሲያይ ኮከቡ ሁሉ ወለል ብሎ ስለሚታየው ሰማዩ ጠርቷል ይላል፤ መብራቱ የሚያልፍበት ከባሕሩ በላይ ያለው ቀጭን የአየር ንጣፍ ግን ሌላ ነው።

የከተማ መብራትም ድርሻ አለው። ከአርትሩች ጫፍ አጠገብ ካላ ኤን ቦስክ የሚባል የመዝናኛ መንደር አለ። ከምዕራብ ለሚመጣ ጀልባ የሆቴሉና የመንገዱ መብራት ከማማው ጎን ተደርድሮ ይታያል። በጨለማ ዳራ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ብልጭታ በብርሃን ዳራ ላይ ይሟሟል። የካርታው ቁጥር ይህን አይቆጥርም።

ሁለተኛው ገደብ የምድር ክብነት ነው። የመብራቱን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ የራሳችሁን ዓይን ከፍታም እንዲሁ፤ ሁለቱን ደምራችሁ በ2.08 አባዙት። የሚወጣው መብራቱ ከአድማስ በላይ ብቅ የሚልበት ርቀት ነው፣ በማይል። አርትሩች ከባሕር ወለል 45 ሜትር ላይ ነው። በትንሽ ጀልባ መሪ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ 2 ሜትር ያህል ላይ ይሆናል። 6.7 እና 1.4 ሲደመር 8.1፣ በ2.08 ሲባዛ 17 ማይል ገደማ። ስለዚህ አየሩ እንደ መስታወት ቢጠራም እንኳ እናንተ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ አርትሩችን በ18 ማይል አታዩትም፤ ቆማችሁ፣ ዓይናችሁ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ቢደርስ ነው 18 የሚሞላው። አየሩ የሚፈቅደውና አድማሱ የሚፈቅደው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ሁልጊዜ ትንሹ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት የካርታ ጉዳዮች አሉ። ከመብራቱ ምልክት ጎን የሚጻፈው ከፍታ የማማው ቁመት አይደለም፤ መብራቱ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ነው። የአርትሩች ማማ ራሱ 34 ሜትር ነው፣ የቆመበት መሬት ጨምሮ ነው 45 የሚሆነው። ፎርሜንቶር ደግሞ ማማው 22 ሜትር ብቻ ነው፤ 210 ሜትር ያደረሰው ገደሉ ነው። ሌላው፣ ትንሿ «ኤም» ሜትር ናት፣ ትልቋ «ኤም» ማይል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ በደበዘዘ የእጅ ባትሪ የሚያነብ ሰው 45 ማይል ይታያል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል።

ወደ ፎርሜንቶር ልምጣ። ከፍ ያለ መብራት ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ብልህ መሐንዲሶችንም አታልሏል፤ ማስረጃው ከማዮርካ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በድራጎኔራ ደሴት ላይ አሁንም ፍርስራሹ ቆሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደሴቷ ጫፍ በና ፖፒያ ላይ፣ ከባሕር 363 ሜትር ከፍታ ላይ መብራት ተሠራ። ቀመሩን ብታስገቡ 42 ማይል ይወጣል። ችግሩ ያ ከፍታ ደመና የሚቀመጥበት መሆኑ ነው፤ ታች ባሕሩ ላይ እይታው ጥሩ ሆኖ ሳለ መብራቱ ጉም ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። በመጨረሻ በ1910 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተዘግቶ በምትኩ በደሴቷ ሁለት ጫፎች፣ በትራሙንታናና በዬቤች፣ በጣም ዝቅ ያሉ ሁለት መብራቶች ተተከሉ። ዛሬም የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ፎርሜንቶር የና ፖፒያን ያህል ከፍ አላለም፤ ከ1863 ጀምሮ እየሠራ ነው። ሆኖም 210 ሜትርም ዝቅተኛ ደመና የሚነካው ከፍታ ነው። አድማሱ 33 ማይል ቢፈቅድለትም አምፖሉ የተሠራው ከ20 ማይል ጥቂት ለሚበልጥ ርቀት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ከኋላ ያለ አንድ መብራት የሚነግራችሁ በየትኛው መስመር ላይ እንዳላችሁ ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ ምን ያህል እንደተጓዛችሁ፣ ማዕበሉ ወደ ጎን እየገፋችሁ መሆን አለመሆኑን በቂ በሆነ ሁኔታ አያሳይም። በአንድ መብራት ብቻ አትሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ፣ ማለትም ባለፈው ዓመት ወደ ተከራከራችሁበት ጉዳይ። ሲውታዴያ ወደብ በሁለት ትልልቅ መብራቶች መካከል ነው ያለው። ከምዕራብ ስትመጡ በቀኝ፣ ከወደቡ ወደ ደቡብ አራት ማይል ተኩል ገደማ ላይ አርትሩች አለ። በግራ፣ ከወደቡ ወደ ሰሜን ከሦስት ማይል ትንሽ አለፍ ብሎ ናቲ አለ። አርትሩች በየ10 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ይበራል። ናቲ በ20 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ ይበራል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም በሦስት ይጀምራሉ። ከኋላችሁ ያለው ፎርሜንቶር በ20 ሰከንድ አራት ይበራል፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚታየው የማዮርካው ካፕዴፔራ በ20 ሰከንድ ሁለት ከዚያም ሦስት። እንግዲህ የናቲን ሦስትና አንድ በጥድፊያ የቆጠረ ሰው አራት ይላል፤ አራት በ20 ሰከንድ ደግሞ ፎርሜንቶር ነው። የመጨረሻዋ ብቸኛ ብልጭታ ያመለጠችው ሰው ሦስት ይላል፤ ሦስት ደግሞ አርትሩች ነው።

ብልጭታ ለምን ያመልጣል? ጀልባችሁ በማዕበል መካከል ዝቅ ስትል ዓይናችሁ ከአድማሱ በታች ይሆናል፤ መብራቱ ገና ከሩቅ በአድማሱ ጠርዝ ላይ እያለ ይህ በየደቂቃው ይደርሳል። ብልጭታው ራሱም ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። በቆዩት ማማዎች አምፖሉ እየጠፋ እየበራ አይደለም የሚሠራው፤ ሁልጊዜ በርቶ ነው። በዙሪያው ያሉት የፍሬኔል ሌንስ ክፍሎች ብርሃኑን ወደ ቀጭን ጨረር ሰብስበው ይዞራሉ፣ ጨረሩ በእናንተ ላይ ሲያልፍ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። ሦስት ሌንስ ተጠጋግቶ ከተገጠመ ሦስት ብልጭታ፣ ቀጥሎ ክፍተት። ዙሩ፣ ማለትም ከአንዱ የብልጭታ ቡድን መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ የሚወሰነው በመዞሪያው ፍጥነት ስለሆነ እጅግ ትክክል ነው፣ አሥር ከተባለ አሥር ነው። ልትተማመኑበት የሚገባው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ብልጭታ ከመቁጠር በፊት ዙሩን በሰዓት ለኩ። የቡድኑን የመጀመሪያ ብልጭታ ስታዩ ሰዓት መቁጠሪያውን አስነሱ፤ ከረጅሙ ጨለማ በኋላ የሚመጣው ቀጣይ ቡድን የመጀመሪያ ብልጭታ ላይ አቁሙ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። አንዱ ይለካ፣ ሌላው ሳይሰማው ለብቻው ይቁጠር፣ ከዚያ አወዳድሩ፤ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ አብሮ ሲቆጥር የመጀመሪያው ተናጋሪ ስህተት የሁለቱም ይሆናል። ሦስቱም ልኬት 10 ሰከንድ ከሰጣችሁ አርትሩች ነው፤ በመካከሉ ሁለት ብልጭታ ብቻ አይታችሁም ቢሆን አርትሩች ነው። 20 ሰከንድ ከሆነ አርትሩች አይደለም፤ ያኔ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፣ አቅጣጫውንም በኮምፓስ አረጋግጡ። ናቲና ፎርሜንቶር በዚህ መንገድ ላይ ተቃራኒ አቅጣጫ ላይ ስለሆኑ፣ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ፣ ኮምፓስ ያየ ሰው አያምታታቸውም። የሚያምታታው ሸራ ሲቀይር ዞሮ አቅጣጫው የጠፋበት ነው።

ከአንድ ብልጭታ ብቻ ተነስቶ «ያ ነው» ማለትን የሚያባብሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሊወጣ ወይም ሊጠልቅ የተቃረበ ደማቅ ፕላኔት በማዕበል እየተሸፈነ እየተገለጠ ብልጭ ድርግም ይላል። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ የሥራ መብራት ከማማ ብርሃን በልጦ ይታያል። በእነዚህ ላይ ዙር ብትለኩ ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ በዚያ ይለያሉ። በሌላ በኩል መብራቱ ራሱ ከአድማስ በላይ ከመውጣቱ በፊት ነጸብራቁ በአየሩ ላይ ሲጠርግ ሊታይ ይችላል። እሱም ለዙር መለኪያ ይሆናል፣ ለርቀት ግን አይሆንም።

የናቲ መብራት እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። የፈረንሳዩ የመንገደኞች መርከብ ዤኔራል ሻንዚ ከማርሴይ ወደ አልጀርስ ሲሄድ በ1910 ፌብሩዋሪ በማዕበል ሌሊት በዚያ ገደላማ ዳርቻ ላይ ተሰባበረ። ከ150 በላይ ሰዎች አለቁ፣ የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ናቲ ተሠርቶ በ1913 የበራው። ዳርቻው ዛሬም ያው ነው፤ ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ መጠለያ የሌለው። ናቲን አርትሩች ነው ብሎ በቀኙ አድርጎ ወደ ግራው ወደብ የሚፈልግ ጀልባ ወደዚያ ገደል ነው የሚሄደው። በተቃራኒው አርትሩችን ናቲ ነው ያለ ሰው ደግሞ ከደሴቲቱ ደቡብ አልፎ ወደ ባዶ ባሕር ይወጣል፤ ይህኛው ስህተት ቢያንስ ጊዜ ይሰጣል።

መንገዱ ጥሩ ጎን አለው፤ አጋማሽ ላይ መብራቶቹ በዙሪያችሁ ናቸው። ከአልኩዲያ 17 ማይል ያህል ስትርቁ ፎርሜንቶር ከኋላ 13 ወይም 14 ማይል ላይ፣ ካፕዴፔራ በደቡብ 12 ማይል ላይ፣ አርትሩች በቀጥታ ምሥራቅ 15 ማይል ላይ ይሆናሉ። ናቲ ገና በአድማሱ ጠርዝ ነው። የእጅ ኮምፓስ ይዛችሁ የሦስቱን አቅጣጫ በተከታታይ ንባብ ውሰዱና ካርታው ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። መስመሮቹ እርስ በርስ ሰፊ ማዕዘን ስላላቸው የሚገናኙበት ቦታ አስተማማኝ ነው። አንድ ነጥብ ላይ ላይገናኙ ይችላሉ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ በ15 ማይል ርቀት ላይ የ3 ዲግሪ ስህተት ብቻውን ሦስት ሩብ ማይል ያህል ያዛባል። ሦስት ማዕዘኑ ሁለት ማይል ከሰፋ ግን አንዱን መብራት በስሙ ተሳስታችኋል ማለት ነው፤ መስመሩን ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ዙሩን እንደገና ለኩ። ኮምፓሱን ከስልክ፣ ከድምፅ ማጉያና ከባትሪ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ቀላል ነው። ትክክለኛ መስመር ላይ ከሆናችሁ ስትጠጉ አርትሩች ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ፣ ናቲ ወደ ግራ ይከፈታሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከሄዱ ነፋስ ወይም የውሃ ፍሰት እየወሰዳችሁ ነው፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ከተንሸራተቱ እናንተ ወደ ሰሜን ሸሽታችኋል። ወደቡ በሁለቱ መካከል ትክክለኛ አጋማሽ ላይ አለመሆኑን አትርሱ፤ ወደ ናቲ ይቀርባል።

ርቀትን በመብራት ብቻ ለመገመት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። መብራቱ ገና ብቅ ሲል ቁጭ በሉ። ከጠፋ፣ ስትቆሙም ከተመለሰ፣ በትክክል አድማሱ ላይ ነው፤ ያኔ ከላይ ያለው ቀመር ርቀቱን ይሰጣችኋል። ቁጭ ስትሉም ካልጠፋ ቀድሞውንም ከአድማሱ በላይ ነበር፣ የደበቀው ጭጋጉ ነው ማለት ነው፣ ቀመሩም አይሠራም። እናንተ በ12 ማይል ያያችሁት እንዲህ ዓይነቱ ነበር። ዘዴው ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት ጥሩ ነው፤ ማዕበል ካለ ዓይናችሁ ከፍና ዝቅ ስለሚል ውጤቱን እንደ ግምት ብቻ ያዙት።

የጂፒኤስ ነገር። ያዙት፣ ተጠቀሙበት፤ ካርታና መብራት ብቻ ይዞ መሄድ ዛሬ ጀግንነት አይባልም። ነገር ግን ጂፒኤስ ሲሳሳት ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው። የሲግናል መታወክ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በተደጋጋሚ የሚታወቅ ችግር ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ የበለጠ የሚያጋጥመው ግን ተራው ነው፤ ስልኩ ይርሳል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ወይም አንድ ሰው መድረሻውን ሲያስገባ ቁጥር ይቀይራል። ማማው ከሳተላይት፣ ከባትሪያችሁና ከጣታችሁ ነፃ የሆነ ምስክር ነው። በየሰዓቱ የጂፒኤሱን ቦታ መዝገብ ላይ ጻፉ፣ በየሰዓቱ ቢያንስ በአንድ የተለካ መብራት አመሳክሩት። ካልተስማሙ ምክንያቱ እስኪገኝ ፍጥነት ቀንሱ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የስልክ ስክሪን ያየ ዓይን ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። መብራቶቹን የሚጠባበቀው ሰው ስልክ አይንካ። ካርታ በደብዛዛ ቀይ መብራት ይነበብ።

የመብራቶቹ ዝርዝር የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ማማዎች ከዘይትና ከፔትሮሊየም ወደ ኤሌክትሪክ፣ አሁን ደግሞ ወደ ኤልኢዲ ሲሸጋገሩ የርቀት ቁጥራቸው ተለዋውጧል፤ የቆየ ካርታ ወይም ከጓደኛ የተወረሰ መመሪያ የድሮውን ቁጥር ሊይዝ ይችላል። የስፔን ባሕር ኃይል ሃይድሮግራፊ ተቋም ከካዲዝ የሚያወጣውን የዘመኑን የመብራቶች ዝርዝርና የመርከበኞች ማስታወቂያ ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቱ። እዚህ የጻፍኳቸውን ቁጥሮችም ከዚያ ጋር አስተያዩ።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሌሊቱን ተሻገሩ፣ ወደቡን ግን በብርሃን ግቡ። ከአልኩዲያ እስከ ሲውታዴያ 34 ማይል ገደማ ነው። በ5 ኖት (በሰዓት 5 ማይል) ፍጥነት ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ማለትም በስፔን አቆጣጠር 0:00 ላይ ከባሕር ወሽመጡ ጉዞ ብትጀምሩ፣ 5:15 ገደማ ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር ስምንት ማይል ያህል ይቀራችኋል። ይህ ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው፤ መብራቶቹ ገና እየበሩ ናቸው፣ የመሬቱ ቅርጽም መታየት ጀምሯል። ፀሐይ በጁላይ አጋማሽ 6:30 አካባቢ ስትወጣ አርትሩች ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለበቶቹን ታያላችሁ፤ ቀለሙ የተቀባው ለዚህ ለቀን መለያ ነው፣ ለጌጥ አይደለም። በዚሁ በስፔን አቆጣጠር ምሽት 20:30 ላይ ከተነሳችሁ ግን ሌሊት 3:30 አካባቢ በጨለማ ባልለመዳችሁት ጠባብ ወደብ አፍ ላይ ትገኛላችሁ። ፍጥነታችሁ ከታሰበው ከበለጠ ሸራ ቀንሱ፤ ቀድሞ መድረስ እዚህ ትርፍ የለውም።

ከዚያ በፊት ግን የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ብዙ ውሎች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጓዝን ይከለክላሉ፣ ወይም ኢንሹራንሱን ያስቀራሉ። ክልከላው ካለ ማለዳ ተነስታችሁ በቀን ሂዱ፣ ነገሩ አለቀ። ከሰሜን የሚነፍሰው ትራሙንታና ከተነገረም አትነሱ። ያ ነፋስ አየሩን አጥቦ ስለሚያጠራው መብራቶቹ ከሩቅ ያማምራሉ፣ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር ግን ለ10 ሜትር ጀልባ ከባድ ይሆናል። በዚህ መስመር ላይ የአልኩዲያና የሲውታዴያ ፈጣን መርከቦች ስለሚመላለሱም፣ አቅጣጫው የማይቀየር የሚቀርብ መብራት ካያችሁ የመጋጨት መንገድ ላይ ናችሁ።

ወደቡ ላይ ስትደርሱ በአፉ ሰሜናዊ ወገን ያለችው ሳ ፋሮላ በየ6 ሰከንዱ አንድ ነጭ ብልጭታ ትሰጣለች። ስትገቡ ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ ነው። ከመካከላችሁ አሜሪካ ጀልባ የተማረ ካለ እዚያ በተቃራኒው ስለሆነ ይህን ደጋግማችሁ ንገሩት። ሌላው ስለ ሲውታዴያ የግድ ማወቅ ያለባችሁ ሪሳጋ የሚባለውን ነው። የአየር ግፊት በድንገት ሲዋዥቅ በጠባቡና በረጅሙ ወደብ ውስጥ ያለው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይሸሻል፣ ተመልሶም ይጎርፋል። በ2006 ጁን 15 ውሃው አራት ሜትር ያህል ወርዶ ሲመለስ በርካታ ጀልባዎች ተሰባብረዋል። የስፔን የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሪሳጋ ትንበያ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተውም ከፀደይ እስከ በጋ ባሉት ወራት፣ ማለትም በእናንተው ወቅት ነው። ማስጠንቀቂያ ካለ ወደቡ ውስጥ አትግቡ፤ ውጭ ጥልቅ ውሃ ላይ ቆዩ ወይም ወደ ሌላ መጠለያ ዙሩ፣ በራዲዮም የወደቡን አስተዳደር ጠይቁ።